ስለ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ያልገባችሁን ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ 20ውንም መሸምደድ ግድ ነው እንዴ?

መልስ፦ ስማቸውን አዎ፣ ግን መጀመሪያ ቅርፁን ያዙ። መሀል ላይ አንድ ካርቦን አለ፣ እሱ ላይ አሚኖ ግሩፕ (ናይትሮጅን ያለበት)፣ ካርቦክሲል ግሩፕ (አሲዱ ክፍል) እና ሀይድሮጅን ተያይዘዋል፣ እስከዚህ ሁሉም ያው ናቸው (ፕሮሊን ብቻ ሳይድ ቼኑ፣ ማለትም የጎን ሰንሰለቱ፣ ዞሮ አሚኖው ላይ ስለሚገጥም ለየት ይላል)። የሚለያያቸው አራተኛው ላይ ያለው ሳይድ ቼን ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ መፅሐፍ 4 ምድብ ሌላው 5 ይላል፣ ግራ ገባኝ

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንዳንዱ አሮማቲክ ቀለበት ያላቸውን ማለትም ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋንን ለብቻ ስለሚያወጣ ነው። ዋናው ነገር ሳይድ ቼኑ ከውሃ ጋር ይስማማል ወይ፣ ቻርጅስ አለው ወይ ነው። ቫሊን፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲን ውሃ ስለሚሸሹ ፕሮቲኑ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ሴሪንና ትሪዮኒን ቻርጅ ባይኖራቸውም ፖላር ናቸው፣ ማለትም ከውሃ ጋር ይስማማሉ፣ አስፓርቲክና ግሉታሚክ አሲድ በሰውነታችን ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ኔጋቲቭ፣ ላይሲንና አርጂኒን ደሞ ፖዘቲቭ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ቢቀየር ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም እንጂ! ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ እዩ። ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲድ አለው፣ 6ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ቫሊን ይገባል፣ ሌላው 145ቱ እንዳለ ነው። ግን ኔጋቲቭ ቻርጅ የነበረበት ቦታ ውሃ በሚሸሽ ስለተተካ ኦክስጅኑን የለቀቀው ሄሞግሎቢን እርስ በርሱ እየተጣበቀ ረጅም ክር ይሰራል፣ ቀይ የደም ሴሉ ማጭድ መስሎ ይጎብጥና ቀጭን የደም ስር ይዘጋል። ምድቡን እወቁ ብዬ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኢሴንሻል የሚባሉትስ ከየትኛው ምድብ ናቸው?

መልስ፦ እሱ ሌላ አመዳደብ ነው፣ አትቀላቅሉት። ሰውነት ስለማይሰራቸው የግድ ከምግብ የሚገኙት 9 ናቸው፦ ሂስቲዲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ላይሲን፣ ሜቲዮኒን፣ ፌኒልአላኒን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋን፣ ቫሊን። እንደምታዩት ከተለያዩ ምድቦች የተውጣጡ ናቸው። የቀሩት 11ም ለፕሮቲን እኩል ያስፈልጋሉ፣ ሰውነት ራሱ ይሰራቸዋል እንጂ። ታይሮሲን ለምሳሌ ከፌኒልአላኒን ነው የሚሰራው፣ ፒኬዩ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ሰው ግን ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኢንዛይም በደንብ ስለማይሰራለት ታይሮሲንም ከምግብ የግድ ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ 21ኛ አለ ሲሉ ሰማሁ

መልስ፦ አለ፣ ሴሌኖሲስቴይን ይባላል፣ በሰልፈር ቦታ ሴሌኒየም የያዘ ሲስቴይን በሉት፣ እኛም ሰውነት ውስጥ አለ። 22ኛው ፓይሮላይሲን ግን አንዳንድ አርኬያ (ባክቴሪያ የሚመስሉ ባለ አንድ ሴል ህዋሳት) እና ባክቴሪያ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።