ትሬቬሌዝ፦ ከሙላሴን ተራራ ሥር

ጥያቄ፦ የስፔኗን ትሬቬሌዝ በፎቶ አየኋት። የቤቶቿ ጣሪያ ለጥ ያለ ነው፤ ሰሜን አፍሪካ ነው የምትመስለው። ለምን?

መልስ፦ ዓይንዎ አላታለለዎትም። ትሬቬሌዝ ግራናዳ ግዛት ውስጥ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ደቡባዊ ጎን፣ አልፑሃራ የሚባለው ተራራማ አካባቢ ናት። ለብዙ መቶ ዓመታት ሙስሊሞች ኖረውባታል፤ ለጥ ያለው ጣሪያም የእነሱ ዘመን ቅርስ ነው። ጣሪያው ላይ የሚደለደለው ላውና የሚሉት ግራጫ አፈር ነው፤ እርጥብ ሲሆን ይጠብቅና ውሃ አያሳልፍም። ከተራራው የሚቀልጠውን በረዶ ወደ እርሻ የሚያወርዱት ቦዮችም የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው፤ አሴኪያ የሚለው ስማቸው ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው።

ታሪኩ ግን ልብ ይሰብራል። ንጉሥ ፌሊፔ 2ኛ ዐረብኛ መናገርንና የሞሪስኮዎቹን (በግዳጅ ክርስትናን የተቀበሉትን ሙስሊሞችና የዘሮቻቸውን) አለባበስ ሲከለክል፣ አልፑሃራ በ1568 እ.ኤ.አ. አመፀ። አመፁ ከተሸነፈ በኋላ ሕዝቡ ከቀየው ተነቅሎ ካስቲል በሚባለው የስፔን ክፍል ተበተነ፤ በምትኩ ከሌላ ቦታ ሰፋሪ መጣ። ቦዮቹን የቆፈሩት ሄዱ፣ ውሃው ግን ዛሬም ይፈሳል!

መንደሯ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ሰፈር ተብላ ተዳፋቱ ላይ ተደርድራለች። ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ በጨው የታሸ የአሳማ ታፋ ለወራት ተሰቅሎ የሚደርቀው በዚሁ አየር ነው። ከበላይዋ ያለው ሙላሴን 3,479 ሜትር ነው፤ ስሙም ከግራናዳው ሱልጣን ከሙላይ ሐሰን የመጣ ነው ይባላል።