ትዊሽን ሳንከፍል የትምህርት ክሬዲት ይገባናል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሲያገለግል ጉዳት ደርሶበታል። ልጃችን ካሊፎርኒያ ውስጥ በስቴት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በአባቷ ጉዳት ምክንያት ስቴቱ ስለማራት ትዊሽን (የትምህርት ክፍያ) አትከፍልም። ታክስ የሚሠራልን ሰው «ዘንድሮም የትምህርቱን 2,500 ዶላር እናስገባ» ይለናል። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ «ዘንድሮም» የምትለው ቃል ያዘችኝ። ያቺን «ም» ሳያስቡት ጣል አድርገዋት ይመስለኛል። አምናም አስገብታችኋል ማለት ነው። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ዘንድሮ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን የአምናው ነው። ይህንንማ መደበቅ አልነበረብዎትም።

ሕጉ አጭር ነው። አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ የሚባለው የትምህርት ክሬዲት (ከታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ከመጀመሪያው 2,000 ዶላር ወጪ ሙሉውን፣ ከቀጣዩ 2,000 ሩቡን ይሰጣል። ጣሪያው 2,500 ነው። የሚሰጠው ግን ለተከፈለ ገንዘብ ነው። ስቴቱ የማረላችሁን ትዊሽን ማንም አልከፈለም፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

ደንበኞቼ ሁሌ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸውና። ልጅ የትምህርት ቤቱን ሂሳብ ስልኳ ላይ ትከፍታለች። ከላይ ትዊሽኑ በሺዎች ተጽፏል። ወረድ ሲሉ ያው ቁጥር የመቀነስ ምልክት ይዞ ይገኛል። እናት ግን የላይኛውን ፎቶ አንስታ ለታክስ ሠሪው በዋትስአፕ ትልካለች። እሱም እንዳየው ይሞላል። 1098-ቲ የሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ትዊሽን ክፍያ የሚልከው ፎርም ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ «ትምህርት ቤቱ ረስቶ ነው» ይባላል። አልረሳም! ትዊሽኑና ተያያዥ ክፍያው በሙሉ ለተማረለት ተማሪ ፎርሙን የመላክ ግዴታ የለበትም። የፎርሙ መቅረት ራሱ መልስ ሊሆን ይችላል።

ሲደነግጡ ደግሞ ሁሉንም የሚተዉ አሉ። እሱም ስህተት ነው። የካሊፎርኒያው የትዊሽን ምሕረት የግቢውን የራሱን ክፍያዎችና መጽሐፍ አይሸፍንም። ለመመዝገብ ግድ የሆነ 900 ዶላር የግቢ ክፍያና ለትምህርቱ የሚያስፈልግ የ600 ዶላር መጽሐፍ ከኪሳችሁ ከከፈላችሁ፣ ሌላው መስፈርት ከተሟላ 1,500 ዶላር ክሬዲት ሊገባችሁ ይችላል። ደረሰኝ ካለ ነው ታዲያ። ፓርኪንግ፣ ዶርምና የጤና ክፍያ አይገቡም። ልጅቷ ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ) ወይም ሌላ ስኮላርሺፕ ካላት ስሌቱ ይለወጣል። ይህንንም አልነገሩኝም።

ወደ አምናው ልመለስ። ደብዳቤ ሳይመጣ በፊት 1040-ኤክስ በሚባለው የታክስ ማረሚያ ፎርም ማስተካከል ይቻላል፤ ያለአግባብ የተቀበላችሁትን ከነወለዱ ትመልሳላችሁ። አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ቀድሞ ከደረሰበት 20 በመቶ ቅጣት ሊጨምር ይችላል። በግድየለሽነት ነው ካለ ክሬዲቱን ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር ነው ካለ ለ10 ዓመት ይከለክላችኋል። «ታክስ ሠሪው ነው» ማለት አያድንም። ወረቀቱ ላይ ያለው የእናንተ ፊርማ ነው። የእሱስ ፊርማ አለበት? እስኪ ይዩት። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው መፈረም ግዴታው ነው።

ወረቀቶቻችሁን ስላላየሁ ከዚህ በላይ ቁርጥ ያለ ነገር አልናገርም። የሁለቱን ዓመት የትምህርት ቤት ሂሳብ ከላይ እስከ ታች ያትሙ። ደረሰኞቹን፣ የአምናውን ታክስና በውስጡ ያለውን ፎርም 8863 (የትምህርት ክሬዲት የሚጠየቅበትን) ይያዙ። ከዚያ የታክስ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የታክስ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። እስከዚያ ድረስ የዘንድሮውን እንዳይፈርሙ።