መልስ፦ ጥያቄ ሲቀርብለት ድዳ ስለሚሆነው ስቶር ኪፐር

ስቶር ኪፐርህ (የመጋዘን ዕቃ ያዡ) በጠዋቱ ስብሰባ ስለ ጎደለው እህል ስትጠይቀው ዝም እንደሚልህ ጽፈህልኛል። ስለ ጉድለቱ ሰው ፊት አትጠይቀው። ለብቻው ጥራውና የገቢና የወጪ ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ «እዚህ ጋ 3 ኩንታል በቆሎ አይገጥምም፤ እስኪ አብረን እንየው» በለው። (በዕድሜ ከበለጠህ በአንቱታ ይሁን።)

የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ዝም የሚለው ንቆህ ነው ብለሃል። አይመስለኝም። ሰው ሲፈራ ወይም ሲዋረድ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋ መጣ ብሎ ይጮሃል። የጭንቀት ኬሚካሎች ሲበዙ ደግሞ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ይዳከማል። ነገር የሚያመዛዝነው፣ ቁጥር ለአፍታ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ታዲያ በዚያ ሰዓት «ለምን ጎደለ?» ብትለው መልሱ ከየት ይምጣ? ላብ ላብ ካለው ተወው፤ ቡና ጠጥታችሁ ከሰዓት ቀጥሉ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ጠዋት «ማታ ቢሮ እፈልግሃለሁ» ብለህ እንዳትሄድ። እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ገንዘብ ያዥ እንዲህ ተብሎ ቀኑን ሙሉ መልስ ሲያዛባ ዋለ። የተፈለገው ለዓመት ፈቃድ ፎርም ነበር! ስትጠራው ለምን እንደሆነ አብረህ ንገረው።