ጌም ኢፌክት የምትሠሩ የድሬና የሐረር ልጆች፣ ለእረፍት ስትመጡ ጭስና አቧራ ቅረጹ

ውጭ አገር ጌም ስቱዲዮ ውስጥ ቪዥዋል ኢፌክት (እንደ ጭስ፣ እሳትና አቧራ ያለውን) የምትሠሩ ወይም ልትገቡበት የምታስቡ፣ ድሬ ስትገቡ ዘመድ «አቦ፣ አሁን ጨዋታ ሥራ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሳቅ ብላችሁ እለፉትና ስልካችሁን አውጡ፤ የምትፈልጉት ሁሉ ግቢው ውስጥ አለ።

ፊልም ላይ አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንዷን ምስል፣ ለማውጣት ኮምፒውተሩ ሰዓታት ቢፈጅ ማንም አይቆጣም። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሮጥ ጌም ግን ለአንዱ ፍሬም ያለው 16.6 ሚሊሰከንድ ነው፤ እሷንም ገጸ ባሕርያቱ፣ ብርሃኑና ፊዚክሱ ይሻሟታል። ለጭስና ለእሳት ፍርፋሪ ነው የሚደርሰው። በዚያች ፍርፋሪ ተመልካችን ለማሳመን ጭስ እንዴት እንደሚሄድ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ጀምሩ። ማጨሻውን በመስኮት አጠገብ አስቀምጡ፤ ብርሃኑ ከጎንና ከኋላ ይምጣ፣ ከበስተጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀል። ስልኩን በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጸው ላይ አድርጉት። ይህን በቀን አድርጉት፤ የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ዓይን ባያየውም ካሜራው ያየዋል። አሁን ጭሱን ተመልከቱ፦ ከፍሙ ሲነሳ እንደ ክር ቀጥ ይላል፣ ከፍ ሲል ይወላገዳል፣ ከዚያ ይበጣጠሳል። ጀማሪ ከሥሩ ጀምሮ ያመሰቃቅለውና ጥጥ ያስመስለዋል። ጌም በሚሠራበት ሶፍትዌር በአንሪል ኢንጂን ውስጥ፣ በኢፌክት መሥሪያው በኒያጋራ ስትሠሩት የከርል ኖይዙን (ጭሱን እያሽከረከረ የሚያወላግደውን) ኃይል ከፓርቲክሉ (ጭሱ ከተሠራበት ቅንጣት) ዕድሜ ጋር እሰሩት፤ ሲወለድ ዜሮ ይሁን፣ እያረጀ ይጨምር።

አቧራ ለመቅረጽ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ሲሆን በዳሩ ያለውን ኮረኮንች ምረጡና ባጃጅ ሲያልፍ ከጎን ቅረጹ። ለመጠን መለኪያ 20 ሊትር ጀሪካን ከመንገዱ ዳር አቁሙ፤ እሱ ከሌለ ቤት ስትገቡ ቁመቱን መገመት ብቻ ይሆናል። አቧራው ከጎማው በፍጥነት ይፈነጥቃል፣ ወዲያው አየሩ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይሰፋል። ስለዚህ የመነሻ ፍጥነቱም ድራጉም (አየሩ የሚይዝበት ኃይል) ከፍ ይበል፤ መጠኑ መጀመሪያ ቶሎ፣ ኋላ በዝግታ ይደግ። ለአንድ የአቧራ ደመና ከ8 እስከ 12 ፓርቲክል ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ማሽኑን የሚገድለው የፓርቲክሉ ቁጥር ብቻ ይመስለዋል። ስክሪኑን የሚሞሉ አሥር ድርብርብ የጭስ ሉሆች ከ500 ጥቃቅን ብልጭታ ሊከብዱ ይችላሉ፤ አንዱ ፒክሰል አሥር ጊዜ ይቀባላ! ኦቨርድሮው የሚሉት ይህን ነው።

ጭሱን በሁዲኒ (የጭስን እንቅስቃሴ በሚያሰላ ሶፍትዌር) አስልታችሁ ፍሊፕቡክ (ተከታታይ ፍሬሞች የተደረደሩበት አንድ ምስል) ስታደርጉት 2048 በ2048 ፒክሰል ቴክስቸር (ፓርቲክሉ የሚለብሰው ምስል) ላይ 8 በ8 ከፋፍሉት፤ 64 ፍሬም፣ እያንዳንዱ 256 ፒክሰል ይደርሰዋል። 6 በ6 ብትሉ ለ2048 እኩል አይካፈልም። በየሳጥኑ ዳር ባዶ ህዳግ ተዉ፣ አለበለዚያ ከሩቅ ሲታይ የጎረቤቱ ፍሬም ጠርዝ ይፈስበታል። ጭሱ ከመሬት ጋር ሲገናኝ በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ ዴፕዝ ፌድ (ጭሱን መሬቱ አጠገብ ቀስ በቀስ የሚያደበዝዘው) ጎድሎታል። ብርሃንና ጥላው ቴክስቸሩ ላይ የተጋገረ ከሆነ ደግሞ ፓርቲክሉን 360 ዲግሪ አታዙሩት፤ ጥላው ወደ ሰማይ ይገለበጣል። ወደ ግራና ቀኝ 15 ዲግሪ ያህል በቂ ነው። ካሜራው ዞር ሲል ኢፌክቱ ድንገት ብን ካለም አትደናገጡ፤ በጂፒዩ (በምስል ማቀናበሪያው) የሚሠራ ኤሚተር፣ ማለትም የፓርቲክል ምንጭ፣ ወሰኑን ራሱ ስለማያሰላ ፊክስድ ባውንድስ የሚባለውን ቋሚ ወሰን በእጅ ሰፋ አድርጉለት።

ሐረር ማታ ጅብ ወደሚመገብበት ከሄዳችሁ በመኪና መብራት ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ያዙ። ለዚህ 30 ፍሬም ይሁን፤ በጨለማ 240 ጥቁር ብቻ ይሰጣችኋል። ፍላሽ አታብሩ፣ የሚመግበውንም ሰው አስፈቅዱ።

በላፕቶፕ ድሬ ላይ የምትለኩትን የፍሬም ጊዜ ግን አትመኑት። ሙቀቱ ጂፒዩውን ፍጥነት ያስቀንሰዋል፣ ቁጥሩም የከፋ መስሎ ይታያል። ለክታችሁ የምትወስኑት ስቱዲዮ ስትመለሱ ነው።

ሥራ ለምትፈልጉ፦ ዴሞ ሪላችሁ (የሥራ ማሳያ ቪዲዮአችሁ) ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይሁን፣ ምርጡ መጀመሪያ ይግባ። ከየኢፌክቱ ጎን ቴክስቸሩንና የኦቨርድሮው ምስሉን አሳዩ። ማስታወቂያው ላይ «ሪል ታይም» (እንደ ጌም ምስሉ እዚያው በዚያው የሚሳልበት) የሚል ከሌለ ምናልባት የፊልም ሥራ ነውና አጣሩ። ውሉ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ መሆን አለመሆኑንም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ አሜሪካ በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ሥራው ከቆመ አገሩ ውስጥ ለመቆየት ያለው ቢበዛ 60 ቀን ነው። ያልወጣን ጌም ቅንጭብ ለድሬ ጓደኛም ቢሆን በቴሌግራም አትላኩ።