እናቴን በሸራ ጀልባ ላውጣት፣ ኪኒን ልስጣት?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ከጓደኛዬ ጋር ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዝተናል። እናቴ (64 ዓመቷ ነው፣ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች) እና የአክስቴ ልጅ ከሀገር ቤት መጥተዋል፣ ፋሲካ እንዳለፈ አናፖሊስ ላወጣቸው ነው። ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። እንዳያስመልሳቸው እናቴ ይዛ የመጣችውን ፕላሲል (የማስመለስ ኪኒን) ልስጣቸው? ባዶ ሆድስ ይሻላል? የአክስቴ ልጅ ላንጋኖ ስለዋኘ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) አልፈልግም ይላል። እናቴ ውሃ ትፈራለች፣ እኔ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው እሺ ያለችው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ስለ ኪኒን ነው፣ ያስጨነቀህ ግን "እናቴን ወስጄ የሆነ ነገር ብትሆንብኝስ" የሚለው ይመስለኛል። አይዞህ፣ ግፊታቸው የተስተካከለ ከሆነ ነፋሱ ቀለል ባለ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ብትወጡ የሚያሰጋ ነገር የለውም። ቢያስመልሳቸውም መሬት ሲረግጡ ይተዋቸዋል።

ፕላሲሉን ግን ተወው። የጀልባ ማቅለሽለሽ የሚነሳው ከጨጓራ ሳይሆን ከውስጥ ጆሮ ስለሆነ ፕላሲል ብዙም አያስቆመውም። ሻንጣ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ኪኒን ማደል መቼ ነው የምንተወው? ለልጁ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ሜክሊዚን የሚባል የጉዞ ማቅለሽለሽ ኪኒን አለ፣ ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፣ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ቢራ አይጨምርበት። ለእናትህ ግን የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ለፋርማሲስቱ አሳይተህ ጠይቅ፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ካለባቸው በተለይ። ባዶ ሆድ ደግሞ ይብሳል፣ ዳቦ በሻይ ምናምን ቀመስ ያድርጉ፣ ዶሮ ወጡ ስትመለሱ ይደርሳል።

ደግሞ እናቶች መንገድ ሲኖር የግፊት ኪኒናቸውን ይዘላሉ፣ ሽንት እያመጣ ያሳፍረኛል ብለው፣ ለልጅም አይናገሩም። ጠዋት ቁርስ ላይ ሲውጡ በዓይንህ እይ።

አሁን ወደ ላይፍ ጃኬቱ። በዛ ወቅት አየሩ ቲሸርት ያስለብሳል፣ አናፖሊስ ያለበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ግን ገና 15 ዲግሪ ገደማ ወይ ከዛ በታች ነው። ሰው በድንገት እዛ ውስጥ ሲወድቅ ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፣ በዛች ቅጽበት ፊቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው፣ የልቡ ምትና የደም ግፊቱም ባንዴ ይጨምራል፣ ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ ከዛም በደቂቃዎች ውስጥ እጁና እግሩ እየደነዘዘ አልታዘዝ ይለዋል። ዋና የሚችል አይሰምጥም የሚባለው እዚህ ጋ ነው የሚያበቃው፣ ላንጋኖ ሞቃት ነው እኮ! የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት በጀልባ አደጋ ከሰመጡት ከ10ሩ 8ቱና ከዛ በላይ ላይፍ ጃኬት ያልለበሱ ናቸው። መቀመጫ ስር አለ ማለት ለብሰውታል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ አስለካቸው። ዘለበቱን ቆልፈህ ትከሻው ላይ ይዘህ ወደ ላይ ሳበው፣ ጆሯቸው ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው ቀይረው። እናትህ ነጠላውን ያውልቁና ጀልባው ላይ እግራቸውን ከማንሳታቸው በፊት ይልበሱ። የወደቀ ሰው መጀመሪያ ለመዋኘት አይታገል፣ ትንፋሹ እስኪመለስ በጀርባው ይንሳፈፍ፣ ይሄን ለሁለቱም በአማርኛ ንገራቸው።

ደረት መጫን ወይ ባንድ ጎን መዛል ከመጣ ጀልባው ነው የነካቸው ብለህ እንዳትጠብቅ፣ ወዲያው እርዳታ ጥራና ተመለስ።

እናትህ ጀልባ ማሰሪያው ዶክ ላይ ደርሰው ይቅርብኝ ካሉ አትለማመጣቸው። ልጁም ላይፍ ጃኬት አልለብስም ካለ ዶኩ ላይ ይቅር።