ኪኒንሽን ሳትተዪ ጀምሪው

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ኪኒኑን እንዳታቋርጪ። ለድባቴ የታዘዘልሽን መድኃኒት ትተሽ በኩንዳሊኒ ዮጋ ብቻ መዳን ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ማንትራው፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚባለው ድምፅ፣ ከኦርቶዶክስ እምነትሽ ጋር ይጋጭ እንደሆነም ጨንቆሻል። እኔ መድኃኒቱንም ዮጋውንም አብሬ ይዤ ነው የተሻለኝ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል። ከተሻለሽ በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር ያህል እንድትቀጥዪ ሐኪሞች ይመክራሉ። በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ሊያመጣ ይችላል፤ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። መተው ካማረሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ቀስ በቀስ ነው።

እኔን የያዘኝ ከመሀል ከተማ ወጥተን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ነው። አንቺም ኮዬ ፈጬ ነሽና ይገባሻል። ቤቱ ሲደርሰን ሁሉም እልል አለልን። እድሩ፣ ቡና የሚጠራሩት ጎረቤቶቼ ግን እዚያው ቀሩ። ባለቤቴ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ተመልሼ እተኛለሁ። ፊቴን መታጠብ እንኳን አቃተኝ። ሰው ድባቴ ሲባል ለቅሶ ይመስለዋል። እኔ ለቅሶውም አልመጣልኝም፤ ምንም ነገር አያምረኝም ነበር።

ኩንዳሊኒ ዮጋ ትንፋሽን፣ እንቅስቃሴን፣ የጣት አያያዝንና ተደጋግሞ የሚባል ድምፅን አንድ ላይ የያዘ ነው። ዩቲዩብ ላይ መጀመሪያ የሚያጋጥምሽ «የእሳት ትንፋሽ» የሚሉት ነው፤ እምብርትን እየሳቡ በአፍንጫ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። በሱ አትጀምሪ። ለነፍሰ ጡር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም። ስሜትሽ አንዳንዴ ያለ ልክ የሚግል፣ እንቅልፍ ሳትተኚ ብርታት የሚሞላሽ ከሆነ ደግሞ ለሐኪም ሳትነግሪ ጠንካራ የትንፋሽ ልምምድ አትንኪ።

እኔ የያዝኩት ቀላሉን ነው። ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ አጥፌ እቀመጣለሁ። እግሬን አጣጥፌ ቁርጭምጭሚቴን እይዛለሁ። አየር ሳስገባ ደረቴን ወደፊት፣ ሳስወጣ ወገቤን ወደኋላ። 3 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ዓይን ጨፍኖ ረጅምና ቀስ ያለ ትንፋሽ። ከአልጋ መነሳት በሚያቅትሽ ቀን ትንፋሹን ብቻ ተኝተሽ አድርጊው። በሕመሙ ቀን የምትችዪውን ያህል ትንሽ ነገር መያዝ ነው ያቆየኝ።

ቀጥሎ ኪርታን ክሪያ የሚባለው አለ፤ 12 ደቂቃ ነው። «ሳ፣ ታ፣ ና፣ ማ» እያሉ አውራ ጣትን ከሌባ ጣት ጀምሮ በየተራ ከአራቱ ጣቶች ጋር ማነካካት ነው። 2 ደቂቃ በድምፅ፣ 2 በሹክሹክታ፣ 4 በልብ፣ ተመልሶ 2 በሹክሹክታ፣ 2 በድምፅ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ካልሽ በድምፅ የሚባለውንም በሹክሹክታ አድርጊው።

በዚህ ላይ ጥናት አለ። ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናት፣ የመርሳት ሕመም ያለበትን ቤተሰብ የሚያስታምሙ 39 ሰዎች ተሳትፈዋል። በቀን 12 ደቂቃ ለ8 ሳምንት ኪርታን ክሪያን የሠሩት፣ የሚያዝናና ሙዚቃ ካዳመጡት ይልቅ የድባቴ ምልክታቸው ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልጫንበትም። በ2020 የወጣው ትልቁ ጥናት ደግሞ ስለ ከባድ ጭንቀት ነው፤ 226 ሰዎች ነበሩበት። ከ12 ሳምንት በኋላ ኩንዳሊኒ ዮጋ ከሠሩት 54 በመቶው፣ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ሕክምና ከወሰዱት ግን 71 በመቶው ተሻላቸው። ስለዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት ከቻልሽ እሱን አስቀድሚ።

ወደ ማንትራው ልምጣ፤ እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ዝም ብሎ ድምፅ ነው ብዬ አላታልልሽም። አስተማሪዎቹ «ሳ ታ ና ማ»ን መወለድ፣ መኖር፣ መሞትና ዳግም መወለድ ብለው ይፈቱታል፤ የመጨረሻው ከእኛ ትምህርት ጋር አይሄድም። እኔ ተውኩትና በጣቴ እየቆጠርኩ «እግዚኦ» እላለሁ። አርባ አንድ ጊዜ እየቆጠርን ያደግንበት ስለሆነ አልከበደኝም። ሙስሊም ጓደኛዬ ቁጥር ብቻ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጥናቱ የተሠራው በማንትራው መሆኑን ግን ልብ በዪ። ጸበልም እጠመቃለሁ፤ ኪኒኔን ግን ለጸበል ብዬ አልዘለልኩም።

አንድ ነገር ደግሞ እወቂ። ይህን ዮጋ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስፋፋው ዮጊ ባጃን የሚባል ሰው ነው። በ2004 ከሞተ በኋላ ብዙ ተከታዮቹ በወሲባዊ ጥቃት ከሰሱት። በ2020 የወጣው፣ ተከታዮቹ ራሳቸው ያስጠኑት ምርመራም አብዛኛው ክስ እውነት የመሆኑ ዕድል ያመዝናል ብሏል። ትንፋሹን ውሰጂ፤ «መምህሬን አምልኪ» ወይም «መድኃኒት አትውሰጂ» ከሚልሽ ሰው ግን ሽሺ።

ሞትን መመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ጋቢውን አትዘርጊ። ለአንድ ሰው ተናገሪና ወደ አማኑኤል ወይም ወደሚቀርብሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብራችሁ ሂዱ።

ግፊት ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ የሚስማማሽን ለይተን እናወጣለን፤ ከመጀመርሽ በፊትም ለሐኪምሽ ታሳዪዋለሽ።