ድሬፐር ወይስ ኦገር? ባሌ ላይ በኩንታል ለሚያጭድ ሰው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ያገለገለ ባለ 5 ዎከር (ከኋላ ገለባውን እያራገፈ ፍሬውን የሚለይ ክፍል) ኮምባይነር ገዝተሃል። ሻጩ ከፊት ለሚገጠመው ማጨጃ፣ ለሄደሩ፣ ወይ የ6 ሜትር ኦገር (ያጨደውን በሚዞር ስክሩ ወደ መሃል የሚሰበስብ) ወይ የ9 ሜትር ድሬፐር (በሚዞር ሸራ የሚያስገባ) ምረጥ ብሎሃል። ሥራህ ባሌ ውስጥ ለገበሬ በኩንታል እያስከፈሉ ማጨድ ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜም እዚያው ሲናናና አጋርፋ ላይ የምንሠራው ይህንኑ ነው። ሁለቱንም ሄደር ይዘን ሠርተናል። ኦገሩን ውሰድ። ምክንያቱን ሻጩ ስለማይነግርህ እኔ ልንገርህ።

1. "ሰፊ ሄደር ብዙ ኩንታል ያስገባል" ሲሉህ ቁጭ ብለህ አስላው። የ6 ሜትሩ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳይቆም ቢያጭድ በሰዓት 2.4 ሄክታር ነው። ማሳው በሄክታር 40 ኩንታል ከሰጠ 96 ኩንታል ይሆናል። የ9 ሜትሩ በዚያው ፍጥነት 144 ኩንታል ያመጣል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን የሚወቃው ሄደሩ አይደለም። የእኛ ማሽን ገለባው ረጅም በሆነ ስንዴ ላይ በሰዓት 100 ኩንታል አካባቢ ሲደርስ ከኋላ ፍሬ መጣል ይጀምራል። ገበሬው ደግሞ ከኋላህ እየተከተለ ገለባውን በእጁ ያራግፋል። እፍኝ ስንዴ ካገኘ ሂሳብ ላይ አትግባቡም። እውነቱን ነው፣ ዓመት ሙሉ የለፋበት ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ወደ 2.7 ታወርደዋለህ። በ9 ሜትር ሄደር ያው 2.4 ሄክታር ላይ ተመለስክ ማለት ነው።

2. ጊዜህን የሚበላው ሌላ ነገር ነው። አንዱን ማሳ ጨርሰህ ወደሚቀጥለው ስትሄድ መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ አጥር አለ፣ የጋሪ ወረፋ አለ። የ9 ሜትሩን ሳትፈታ ማለፍ አትችልም። ፈተህ ተጎታቹ ላይ ትጭናለህ፣ ደርሰህ መልሰህ ትገጥማለህ። በስድስት ሜትሩም ቢሆን ሩቅ ስትሄድ መፍታትህ አይቀርም፤ ግን አጭር ርቀት ላይ ሰዎች መንገዱን ከለቀቁልህ ብዙ ጊዜ እንዳለ ታልፋለህ። ማሳው ግማሽ ሄክታር ከሆነ ደግሞ ገና ሳትሞቅ አለቀ። ጎረቤቱ ስንዴው ካልደረሰለት ዳር ላይ መዞሪያ የለህም። የእሱን ሰብል ከረገጥክ ካሳ ነው፣ ሽምግልና ነው፣ ቀኑ ሄደ።

"ኩታ ገጠም ላይ ነው የምሠራው" ትለኝ ይሆናል። ኩታ ገጠምም አያድንህም። ሰብሉ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ባለቤቱ ብዙ ነው። የአንዱ ድንበር ሲያልቅ ታንኩን ባዶ ማድረግ ግድ ነው፣ ያለዚያ የማን ስንዴ ስንት ኩንታል እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሸራ ይነጠፋል፣ ታንኩ ይገለበጣል፣ ጆንያ ይሞላል፣ ይቆጠራል፣ ሂሳብ ይሠራል። ያኔ የሄደሩ ስፋት ምንም አይፈይድልህም።

3. መለዋወጫ። እዚህ ላይ ልቤ ስለሚቃጠል ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ለእኛ ድሬፐሩን የሸጠልን አስመጪ "ማሽናችሁ ላይ ቀጥታ ይገጥማል" ብሎ ነበር። ሄደሩ ሲመጣ የሃይድሮሊኩ ማገናኛ የተለየ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቱም የተለየ። ለአዳፕተሩ ሌላ ብር ከፈልን። እሺ፣ ይሁን ብለን ሥራ ጀመርን። ሲሠራ በእርግጥ ያምር ነበር፣ አልክድም። የቦና (የመኸር) አዝመራ ሲደርስ ግን ድንበር ላይ የነበረ ድንጋይ ከቢላው አልፎ ገባ። ሮለሩና ሸራው መሃል ተቀረቀረና ሸራውን በረጅሙ ቀደደው። ኦገር ላይ ቢሆን የስክሩን ጣት ይሰብራል፣ ጠርዙን ያጣምማል። ጣቱን ትቀይራለህ፣ የተጣመመውን በመዶሻ ታቃናለህ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነህ።

ሮቤ ያለ ጎሚስታ ዘንድ ወሰድነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ የሚችለውን አደረገ። ወፍራም ላስቲክ ደርቦ በቡሎን አሰረልን። ግን የተደረበው ቦታ ሮለሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ሸራው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ወደ አስመጪው ቢሮ ሄደ። መጀመሪያ በር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አንዱ ብቅ ብሎ ምን አለው መሰለህ? "ይሄ የአነዳድ ችግር ነው፣ ማሽኑ ምን አደረገ?" ማሳውን አላየ፣ ሸራውን አላየ። ደብዳቤ ጻፉ አሉን፣ ጻፍን። ማህተም ይኑረው አሉን፣ አስመታን። በመጨረሻ "ሸራው አገር ውስጥ የለም፣ ኤልሲ (የባንክ የማስመጫ ክፍያ ዋስትና) ተከፍቶ ነው የሚመጣው" አሉ። ይህን መጀመሪያ ቀን መናገር አይቻልም ነበር? ስንደውል ጆሮ ዳባ ልበስ ሆኑ። ሲሸጡ ግን በቀን ሁለቴ ይደውሉ ነበር።

ያን ጊዜ ባሌ ላይ ዝናቡ አልቆም ብሎ ነበር። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ሲደጋገምበት ገና ዛላው ላይ እያለ እንደሚበቅል አንተም ታውቃለህ። ቃል የገባንላቸው ገበሬዎች እየደወሉ "የት ደረሳችሁ?" ይሉናል። ደላላው ወረፋችንን ለሌላ ኮምባይነር ሰጠው። አልፈረድኩበትም። ያተረፈን የማሽናችንን ዓይነት የያዘ የጎባ ሰው ነው። ጥግ ላይ ያስቀመጠውን አሮጌ ኦገር ሄደር አከራየን። ኦፕሬተራችን ሌሊቱን አደሰው፣ ኩሽኔታ ቀየረ፣ ቢላ ሳለ። በዚያ አሮጌ ሄደር የአጋርፋን ሥራ ጨረስነው። አንድም ገበሬ ፍሬ ወደቀብኝ አላለንም። እስከ ዛሬ ስሙን ስጠራው ደስ የሚለኝ ኦፕሬተር ነው።

ድሬፐር መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ሸራው ሰብሉን አስተኝቶ፣ ዛላውን አስቀድሞ፣ እኩል አድርጎ ነው የሚያስገባው። ማሽኑ አይታነቅም። እንደ ምስርና ቦሎቄ ያለ አጭር ሰብል ላይ፣ መሬት ተከትሎ የሚተጣጠፈው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኦገር አይደርስበትም። አጭር ሰብል ኦገር ላይ በቢላውና በስክሩ መሃል ይከማቻል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጉብ ብሎ ይገባል። ሰፋፊ ማሳ ያለው፣ ትልቅ ማሽን የያዘ፣ መጋዘኑ ውስጥ ትርፍ ሸራ ያስቀመጠ ባለሀብት ድሬፐር ይግዛ። አንተ ግን ስንዴና ገብስ ነው የምታጭደው፣ ከማሳ ማሳ ነው የምትዞረው።

ኦገሩን ስትወስድ ግን እንዲሁ አትንዳው። ስክሩና ወለሉ መሃል ያለውን ክፍተት በመመሪያው ልክ አስተካክል። ገለባው ሲበዛ ትንሽ ከፍ፣ አጭር ገብስ ላይ ሲሆን ዝቅ። የስክሩ ጣቶች ወደ ፊደሩ (ሰብሉን ወደ ማሽኑ ውስጥ ወደሚያስገባው ክፍል) ሲቀርቡ ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው። ካልገቡ ገለባውን ይዘው ይዞራሉ፣ ገለባው ስክሩ ላይ ይጠመጠማል። የተኛ ስንዴ ላይ ሪሉን (እየዞረ ሰብሉን ወደ ቢላው የሚያመጣውን) ዝቅና ወደፊት አድርገህ ከተኛበት አቅጣጫ በተቃራኒ ግባ። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አትጀምር፣ ገበሬው ቢለምንህም። ገበሬው ለከብቱ ገለባ ስለሚፈልግ ዝቅ አድርገህ እጨድ ይልሃል። ድንጋዩን አብራችሁ እየዞራችሁ ካላያችሁ እሺ አትበል።

ሻጩ ኦገሩንም "ይገጥማል" ብሎ ሊያልፍህ ይችላል። ብር ከመክፈልህ በፊት የፊደርህን አፍ ስፋት በሜትር ለካ። የማሽኑን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት ከሰሌዳው ላይ፣ የሃይድሮሊክ ማገናኛውንና ሶኬቱን ደግሞ ከቅርብ ፎቶ አንሳ። ሻጩ መግጠሙን በውሉ ላይ በጽሑፍ ያስፍርልህ፣ ካልገጠመ አዳፕተሩ በእሱ ወጪ እንደሆነም ይጻፍ። ፎቶዎቹን ለእኔም ላክልኝ። ከኦፕሬተራችን ጋር አይተን ነገ ማታ እመልስልሃለሁ።